አቶ ይመር የገፏት መኪና

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም ገርበብ አድርጉት፤ የጥቅምት ብርድ ከጀርባ ነው የሚገባው። ነገሩም የሆነው በጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ጤፉ ዛላውን ጥሎ፣ ሰው ለጥር ሠርግ ሽማግሌ መላክ ሲጀምር። እኛ ቤት ደግሞ ሳይሳቅበት የሚያልፍ ጉዳይ የለም፤ ታውቁናላችሁ።

አንድ ቀን፣ ኮምቦልቻ ሳለን ነው፣ ታላቅ ወንድሜ ታደገ ለእህታችን ለብርቅነሽ ልጅ ለአስናቀ ሽማግሌ ሆኖ ተነሳ። አስናቀና የአቶ ይመር ልጅ ትርንጎ በመሃላቸው ጨርሰዋል፤ የቀረው አባቷ እሺ እንዲሉ ብቻ ነው። አቶ ይመር ግን ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። አሁን ሦስተኛው ነው። ከዚህ ወዲያ ከተመለሱ ሽማግሌ አይላክም፤ ልጅቷም ለሌላ ትሰጣለች። አስናቀ ይህን እያሰበ እህል አልወርድ ብሎት፣ ሱሪው በቀበቶ ብቻ ነበር የቆመው።

አቶ ይመር ማለት ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስለ መኪና ከተነሳ እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው አፉን አይከፍትም። ስለ ሌላውም ነገር ቢሆን አይከፍትም።

ታደገም መኪና ነበረችው። መኪና ካልናት። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛት አሮጌ፣ ትንሽ፣ ድቡልቡል ያለች ናት። ኦቶማቲክ ናት ይሏታል፤ ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሹን ራሷ ናት የምትቀይረው። ማለት፣ መቀየር ሲያሰኛት። በዚያ ሰሞን አንደኛውን ትይዝና ሁለተኛ አልገባም ብላ ትጮኻለች። ሰው ተስፋ ቆርጦ ዝም ሲላት ደግሞ ድንገት ትቀይርና የተሳፈረውን ሁሉ ከመስታወቱ ጋር ታጋጨዋለች።

መድኃኒቷን ያልነገረው ሰው የለም። ባለሱቁ «ገመዷ ነው» አለው። ልብስ ሰፊው «ቤንዚኗ ውሃ ገብቶበታል» አለው። ጎረቤታችን «የሰው ዓይን ነው» አለችው። ታደገ ለሁሉም እሺ ነው። «እኔ ስለ መኪና የማውቀው ቀለሟን ነው» ይላል። እንዲያም ሆኖ እጁ አያርፍም። በዋዜማው «ዘይቷን ልይላት» ብሎ ከስሯ ተኛና የካምቢዮዋን፣ የማርሽ ቤቷን፣ ቡሎን ፈታ። ዘይቱ ፊቱ ላይ ሲወርድበት ደነገጠና፣ መፍቻው አጠገቡ እያለ፣ ቡሎኑን በጣቱ መልሶ ጠምዝዞ ወጣ። ኋላ መካኒኩ እንደነገረን ጉዱን ያመጣው ያ ቡሎን ነው። በማግስቱ መኪናዋ መንገዱን ሙሉ ዘይቷን እያንጠባጠበች ነው የሄደችው፤ ያለ ዘይት ደግሞ ማርሿ አይሠራም። ይህን እናንተ እወቁት፤ እነሱ አላወቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ታደገ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ባሻ ጣሰውን ከጎኑ ይዞ ወጣ። ባሻ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ እዚያች መኪና ውስጥ ሲገቡ አንዱ ከውጭ ይገፋል፣ ሌላው ከውስጥ ይስባል። በአንደኛ ማርሽ እየጮኹ ሲያልፉ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አያቸው።

«ታደገ፣ ቀስ ብንል አይሻልም?» አሉ ባሻ።

«ባሻዬ፣ ከዚህ ቀስ ካልንማ ወደ ኋላ መሄዳችን ነው።»

አቶ ይመር ወንድሞቻቸውን ሰብስበው ጠበቋቸው። «ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ታደገ፣ እንደ ደንቡ ቆሞ።

«ጉዳያችሁንማ ከመንደሩ ጫፍ ጀምሮ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ!» አሉ አቶ ይመር። ወንድሞቻቸው ሳቁ። «ስማኝ ታደገ፤ ሰው ማርሹን በገዛ እጁ ነው የሚቀይረው። እናንተ መኪናችሁ እስክትመርጥላችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትጠብቁ ሰዎች ናችሁ። እንዲህ ካለ ቤት ገብታ ልጄ ምን ልትሆን ነው? አልሰጥም። አበቃ።»

ከጓዳው በር ኋላ የሴት ልጅ ሲቃ ተሰማ። ታደገ አንገቱን ደፋ። አስናቀን ምን ብሎ ሊነግረው ነው? እጅ ነስተው ወጡ፤ ባሻን እንደ ምንም አስገቧቸው። ታደገ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። ማርሹን ወደፊት አደረገው፣ ወደ ኋላ አደረገው፤ ወይ ፍንክች!

ጎረቤት መውጣት ጀመረ። «ምነው ሽማግሎቹ አንሄድም አሉ እንዴ?» ትላለች አንዷ። «አቶ ይመር መንገድ ላይ ጣሏቸው እኮ!» ይላል ሌላው። አቶ ይመር ይህን ሲሰሙ ተንደርድረው ወጡ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ሞተሩ እየሄደ ነው፣ አቶ ይመር። የቀረነው እኛ ነን።»

አቶ ይመር ኮፈኑን ከፈቱ፤ እንደ ሐኪም ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። «ማርሿ ተጣብቋል» አሉ። «ተገፍታ ስትንከባለል ይላቀቃል።»

«ኦቶማቲክ መኪና ብትገፋም እሺ አትልም ሲሉ ሰምቼ ነበር…»

«ከማን ነው የሰማኸው?»

ታደገ አሰበ። የሰማው ከልብስ ሰፊው ነው።

«መሪህን ያዝ!» አሉ አቶ ይመር። ወንድሞቻቸውን ጠሩ፤ ሁሉም ከነክት ልብሳቸው ጋቢያቸውን በወገባቸው አሸረጡ። እሳቸውም ትከሻቸውን ከኋላዋ አስደገፉ።

«እኔ ልውረድ ይሆን?» አሉ ባሻ።

«ባሻ ከወረዱ መልሶ ለማስገባት እንመሻለን፤ ይቀመጡ» አለ ታደገ።

መግፋት ተጀመረ።

«ያዘ?»

«አልያዘም!»

«ግፋ! እኔ በአሰብ በረሃ ሃያ ቶን ጭኜ… ያዘ?»

«ኧረ አልያዘም!»

መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ወደ እኛ ሰፈር ዘቅዘቅ የሚል ነው። አቶ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ይገፋሉ፤ ስለ ማርሽ ያስተምራሉ፤ የት እንደሚሄዱ ቀና ብለው አያዩም። ታደገም መሪ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ነው ነገሩ ብልጭ ያለለት፤ መንገዱ ወደ እኛ ደጅ ነው የሚያደርሰው። ወደዚያ ታጥፎ ማቆም ይችል ነበር። «ልንገራቸው ይሆን?» አለ በልቡ። ያ ከጓዳ የሰማው ሲቃ ትዝ አለው። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣

«ትንሽ ቀርቷል፣ ሊይዝ ነው መሰለኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ብያለሁ እኮ! ግፋ!» አሉ አቶ ይመር።

ብርቅነሽ መልሱን ስትጠብቅ ደጅ ቆማለች። ስታይ የልጅቷ አባትና አጎቶች በላብ ተጠምቀው፣ ሽማግሎቹን ከነመኪናቸው አጅበው ይመጣሉ። እሷ ደግሞ እስክትጠይቅ የምትቆይ ሴት አይደለችም፤ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤቱ በሙሉ ተቀበላት። አስናቀ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ሮጦ ወጣ።

አቶ ይመር ቀና አሉ። «የት ነው ያለነው?»

«እኛ ደጅ» አለ ታደገ፣ በሩን ከፍቶ እየወረደ።

«ምን ማለት ነው? ምን እልል ያስብላታል ይቺን ሴት! ልጄን አልሰጥም ብያችሁ የለም እንዴ?»

ታደገ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ድምፁን ግን ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣

«እኛማ መልሳችንን ይዘን ወደ ቤታችን መግባታችን ነው፣ አቶ ይመር። እርስዎ ነዎት እንጂ ወንድሞችዎን አስከትለው፣ አገር እያየ፣ ላብዎን እያንጠፈጠፉ በእግርዎ ደጃችን ድረስ የመጡት። የሴት አባት እንዲህ ለፍቶ ወንድ ሲጠይቅ እኔ አይቼም ሰምቼም አላውቅ! ለማንኛውም ይግቡና አረፍ ይበሉ፤ እኛም ዘመድ አማክረን መልሱን እንነግርዎታለን» አላቸው።

ከዚያ ከወንድሞቻቸው አንዱ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሳቅ ጣለው። ባሻ ጣሰው በሳቅ ሲንቀጠቀጡ መኪናዋ አብራ ትንቀጠቀጣለች። አቶ ይመር እስከዚያ ድረስ ለመቆጣት እየሞከሩ ነበር፤ አቃታቸው።

«አንተ!» አሉት ታደገን። «መኪናህ ያጣችውን ማርሽ ሁሉ ለካ አፍህ ነው የወሰደው! በል ውሃ አምጡልኝ። ልጄን ወስዳችኋል።»

አስናቀና ትርንጎ በጥር ተጋቡ፤ ወልደው ከብደው እዚያው ኮምቦልቻ አሉ። መኪናዋም መካኒኩ ቡሎኗን አጥብቆ፣ ዘይት ሞልቶላት ዳነች፤ ከዚያ ወዲያ ማርሽ እየቀየረች ብዙ ዘመን ሄደች። ታደገ «ዘይቷን ያፈሰስኩት እኔ፣ ልጁን የዳርኩት እኔ» እያለ ሲስቅ ኖሮ በደህና አረፈ። ባሻ ጣሰው ከዚያን ቀን ወዲህ በእግራቸው ብቻ ነበር የሚሄዱት። አቶ ይመርም ልጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር ከቤታችን ምሳ ሳይበሉ ሄደው አያውቁም ነበር።