የቀለለች ብስክሌት፣ ያልቀለለ ክንድ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ሲሚንቶ መጫንና ማውረድ ነው። የሚኖረው ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ከሥራ ሲወጣ ጓደኞቹ አረፍ ይላሉ፤ እሱ ግን ብስክሌቱን እየገፋ ተራራው ሥር ወዳሉት ድንጋዮች ይሄዳል።

ምን ሊያደርግ? ሊወጣባቸው። በእግሩ አይደለም፣ በብስክሌቱ።

ይህን ስፖርት ያያችሁ ጥቂት ትሆናላችሁ። የፍጥነት ውድድር አይደለም። ድንጋይ፣ ግንድ ወይም የተደራረበ እንጨት ፊታችሁ ይቀመጣል፤ እናንተ ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ፣ ከነብስክሌታችሁ እየዘለላችሁ ትወጡበታላችሁ። እግራችሁ መሬት ከነካ ጥፋት ይያዝባችኋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ እግርን ሳያወርዱ ማለፍ።

ሰውየው ኤርሱሞ ይባላል። ብስክሌቱ የድሮ የብረት ብስክሌት ናት። በተሰበረች ቁጥር ብረት እየተጨመረባት ተበይዳለች፤ እየቆየችም ከብዳለች። ሌላው ሰው ከመሬት ለማንሳት የሚቸገርባትን እሱ መሪዋን ጨብጦ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲጎትታት የፊት ጎማዋ ድንጋዩ ላይ ይወጣል። መንገደኛው ቆሞ ያየዋል። ያቃተው አንድ ትልቅ ድንጋይ ብቻ ነበር፣ ደረት የሚደርስ። እሱ ላይ በዚያች ብስክሌት ማንም አልወጣም፤ ኤርሱሞም አልወጣም።

ያን ክንድ የሰጠው ሲሚንቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እናቱና አባቱ ተከታትለው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሙ ማርቆስ ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። ዘመዶች ልጁን ሊወስዱ ሲመጡ ኤርሱሞ፣ "ወንድሜን ለማንም አልሰጥም" አለ። ቃሉንም ጠበቀ። ሠርቶ አበላው። ሲታመም አዝሎት ሐኪም ቤት ሮጠ። ከመጥፎ ጓደኞች ጋር ሲገጥም እጁን ይዞ እየጎተተ አወጣው። ያን ጊዜ እንደዚያ ባይጎትት ኖሮ ልጁ ጠፍቶ በቀረ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መጎተቱ ስህተት አልነበረም።

ማርቆስ አደገ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመረቀ። አርባ ምንጭም ሥራ አገኘ።

"ጋሼ፣ ልሄድ ነው" አለው።

"የትም አትሄድም።"

"ሥራው እኮ ጥሩ ነው፣ ጋሼ።"

"እዚሁ ሥራ እስኪገኝ ትጠብቃለህ። አለቀ።"

ማርቆስ ልብሱን በቦርሳ ሸክፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ አይደውልም። ሲደወልለትም ከሰላምታ አያልፍም። ኤርሱሞ ለሚጠይቀው ሁሉ፣ "ውለታ ቢስ ሆነ" ይል ነበር፤ ማታ ማታ ግን ስልኩን እያየ ይተኛል።

እንዲህ ባለበት ጊዜ ነው እንግዲህ ኤርሱሞ የሚለማመድበት የብስክሌት ክለብ ለዚሁ ስፖርት ተብላ የተሠራች ብስክሌት ያስመጣው። ኮርቻ የላትም። በአንድ እጅ ትነሳለች፤ ከድሮዋ ግማሽ አትመዝንም። ውድድር ቀርቦ ስለነበር፣ "ጉልበት ያለው እሱ ነው፣ እሱ ይያዛት" ተባለና ለኤርሱሞ ተሰጠች።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ቁመቷ ከጉልበቱ በማያልፍ ድንጋይ ፊት ቆመ። መሪዋን ጨብጦ እንደለመደው ጎተተ። ብስክሌቷ ተወንጭፋ ደረቱን መታችው፤ በጀርባው ተዘረረ። ተነስቶ ሞከረ። ያው ሆነ። በማግስቱም ያው። በከባዷ ብስክሌት እንደ ደረጃ የሚወጣባቸው ድንጋዮች በቀላሏ መውደቂያው ሆኑ።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከበያጆች ዘንድ ቁርጥራጭ ብረት ለምኖ አመጣና በብስክሌቷ ወገብ ላይ ጠፍሮ አሰረው።

የክለባቸው አባል ሰናይት ስትደርስ ይህን ሲያደርግ አገኘችው። ሰናይት ከሁሉም ቀጭኗ ናት።

"ምን እያደረግህ ነው፣ ኤርሱሞ?"

"ከበድ ስትል ትረጋልኛለች።"

"ሰው ለማቅለል ይደክማል፤ አንተ ታከብዳለህ?"

"እጄ ላይ አትሰማኝም። የያዝኩ አይመስለኝም።"

ሰናይት አጠገቡ ቁጢጥ አለች። "ሰሞኑን ሳይህ ነበር። የምትጎትተው ይቺን አይደለም፤ የድሮዋን ነው። የድሮዋ ደግሞ እዚህ የለችም። ክንድህ ግን አላወቀም።"

ደስ አላለውም። "ታዲያ ጉልበቴን ምን ላድርገው? ልጣለው?"

"አትጣለው። እኔ ትልቁ ድንጋይ ግማሽ ላይ የምቀረው እኮ ጉልበት አንሶኝ ነው። አንተ አለህ። ግን መጀመሪያ ክብደቷን በእጅህ ስማ፤ ከዚያ የሚበቃትን ስጣት።"

ብረቱን ፈታ። ለብርቱ ሰው "አትጎትት" ከመባል የበለጠ ከባድ ነገር የለም። ለብዙ ቀን ብስክሌቷ ላይ ዝም ብሎ መቆም ተማረ። ጉልበቱን ማጠፍ፣ መጠበቅ፣ ከዚያ ትንሽ ብቻ ማንሳት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፊት ጎማዋ ድንጋዩ ላይ ያለ ድምፅ አረፈ። አልወደቀም፤ እግሩም አልወረደም።

አልጨፈረም። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቆሞ "የትም አትሄድም" የሚለውን የራሱን ድምፅ ሰማ። እጁን ተይዞ ከመንገድ የሚወጣው ሕፃን ካደገ ስንት ዘመኑ። ያን ቀን ፊቱ የቆመው ማርቆስ ጎልማሳ ነበር። እሱ ግን በዚያው ክንድ ጎተተው፤ ወንድሙም ከእጁ አመለጠ።

ቅዳሜ ተሳፍሮ አርባ ምንጭ ወረደ። ማርቆስ በሩን ከፍቶ ሲያየው ደነገጠ።

"ጋሼ፣ ምነው? ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ልትወስደኝ ነው የመጣኸው?"

ኤርሱሞ ብስክሌቷ ላይ እንደተማረው መጀመሪያ ጠበቀ። "አይደለም። ምን እንደምትሠራ እንኳ በደንብ ጠይቄህ አላውቅም። እስቲ ንገረኝ።"

ማርቆስ መጀመሪያ በቁጥብነት ነበር የተናገረው። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን አቀረበ። ሲመሽ ግን ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ያን ቀን ኤርሱሞ አንድም ትእዛዝ አልሰጠም፤ በኋላ ሲናገር ግን ትልቁን ድንጋይ ከመውጣት ይልቅ ያ እንደከበደው አምኗል።

ውድድሩ እዚያው ድንጋዮቹ ላይ ሲደረግ ትልቁን ድንጋይ አለፈው። ቀጥሎ ያለው ግንድ ላይ እግሩ መሬት ነካና ሦስተኛ ወጣ። ማርቆስ አጥሩ አጠገብ ቆሞ ያይ ነበር።

ወገኖቼ፣ አሁን ስለ ኤርሱሞ አይደለም የማወራችሁ።

ከመካከላችሁ ክፉ ዘመን ያሳለፋችሁ አላችሁ። ማንም ሳያግዛችሁ ቤት ያቆማችሁ እናቶች አላችሁ። ታናናሾቻችሁን በትከሻችሁ ያሳደጋችሁ አላችሁ። በዚያ ዘመን ጥርሳችሁን ባትነክሱ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ባትይዙ፣ ዛሬ ብዙ ሰው እዚህ ባልተቀመጠ ነበር። እግዚአብሔር ያን ጉልበት ያውቃል፤ እሱ ራሱ ነው የሰጣችሁ።

ነገር ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ያ ዘመን አላለፈም? ልጃችሁ አላደገችም? ታዲያ ስለ ምንድን ነው አንዲት ጥያቄ ስትጠይቃችሁ ከገደል እንደምታወጧት አድርጋችሁ የምትይዟት? ባላችሁ አንድ ቃል ሲናገር ስለ ምንድን ነው የአሥር ዓመት ጠብ የምትመልሱለት? ኑሮ ሲቀልላችሁስ፣ ስለ ምንድን ነው ጭንቀት ፈልጋችሁ ደረታችሁ ላይ የምታስሩት? ጭንቀት ከሌለ የያዛችሁ ስለማይመስላችሁ አይደለም?

ጌታ ሸክማችንን ወስዶልናል ብለን እንዘምራለን። እውነትም ወስዶልናል። አፋችን አምኗል፤ ልባችንም አምኗል። እጃችን ግን ገና አላመነም።

ጉልበታችሁን ጣሉ አላልኳችሁም። ነገም የሚነሳ ከባድ ነገር ይመጣል፤ ያን ጊዜ ያስፈልጋችኋል። የምለምናችሁ ይህን ነው፤ ከመጎተታችሁ በፊት ፊታችሁ ያለውን ሰው ስሙት። ዛሬ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ዛሬ ምን እንደሚበቃው ስሙ።

ከዚህ ወጥታችሁ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። በሩን የሚከፍትላችሁ ሰው አለ። እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትይዙት?