ወደ ውጭ የሚያየው ድንጋይ

ንጉሥ የሌላት አንዲት ትንሽ አገር ነበረች። ትንሽ ስላችሁ በጣም ትንሽ፤ አንድ አምባ፣ ስልሳ ቤት ብቻ። በዙሪያዋ ያለው አገር ሁሉ ለአንድ ኃይለኛ ንጉሥ ይገብራል፣ እሷ ግን ለማንም አትገብርም። ሰዎቿ ሁሉ ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። በየዓመቱ ከመካከላቸው አንድ ዳኛ ይመርጣሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ዳኛውም ተመልሶ ድንጋዩን ይጠርባል።

ይህ ነፃነት ከየት መጣ ሲባሉ የሚናገሩት ታሪክ አላቸው። ድሮ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ልጁን አዝሎ ከገዳዮች ሲሸሽ እዚህ ደረሰ፣ አምባውም ተከፍቶ አስገባው ይላሉ። ስለዚህ ልጅ አዝሎ የመጣን ሰው በሩ ላይ ማን ነህ፣ ከየት ነህ አይሉትም። ይገባል፣ ይበላል፣ በቃ። በሩ ላይ ልጅ ያዘለ ሰው ምስል ተቀርጿል። መልኩን ዝናብ አጥፍቶታል፣ ግን ፊቱ ወደ ውጭ እንደሆነ ያስታውቃል። ልጆች ለምን ወደ ውጭ ሲሉ፣ የሚያሳድዱት መጡ አልመጡ እያየ ነው ይሏቸዋል።

ሌላም ነገር ነበራቸው፤ በድንጋይ ሣጥን የተቀመጠ፣ ነፃነታችን በድሮ ንጉሥ ማኅተም የተጻፈበት ነው የሚሉት ብራና። አዲስ ዳኛ እጁን ሣጥኑ ላይ ጭኖ ይምላል። ከፍቶ ያነበበው ግን የለም። ታሪኩን እናውቀው የለም ወይ፣ ማንበቡ ምን ይሠራል ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ሴት የአራት ወር ልጅ አዝላ መጣች። ባሏን ያ ንጉሥ ገድሎታል፤ ልጁም አድጎ ይበቀለኛል ብሎ ይፈልገዋል። እግሯ ቆስሏል፣ ጡቷ ደርቋል። ማንም ምንም አልጠየቃትም። በሩን የምትጠብቀው አሮጊት፣ እማማ ዘርፌ፣ ልጁን ተቀብላ ጣቷን በፍየል ወተት እየነከረች አጠባችው።

"ትንሽ እንኳ ተኚ ልጄ፣ እዚህ የሚነካሽ የለም" አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ወታደር አምባውን ከበበው። የንጉሡ መልእክተኛ ሴትዮዋንና ልጇን ስጡ፣ አለዚያ ቤታችሁን እናፈርሰዋለን አለ። የዚያ ዓመት ዳኛ አንለይ ኩሩ ሰው ነበር። እኛ ነፃ ሰዎች ነን፣ ነፃነታችንም በንጉሣችሁ ቅድመ አያት ማኅተም ተጽፎ ተቀምጧል አለው። መልእክተኛው ስለ ብራናው ሰምቶ አያውቅም። ራሳቸው ናቸው የነገሩት። የተጻፈ ካለ ንጉሤ ያከብረዋል፣ አምጡትና ይነበብ አለ።

ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ ሣጥኑ ተከፈተ። ማንበብ የሚችሉት አንድ ቄስ ነበሩ። ጀመሩ፤ መሃል ላይ ሲደርሱ ግን ብራናውን መጠቅለል ጀመሩ።

"ይጨርሱት እንጂ አባቴ" አላቸው መልእክተኛው።

ጨረሱት። "ከንጉሡ ሸሽታ ወደ አምባው የገባችውን ሴት ከነሕፃኗ የአምባው ሰዎች አስረክበውናል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ይሁኑ" ይላል።

ሁሉም ዞረው በሩ ላይ ያለውን ምስል አዩት። ለካ ወንድ አይደለም። ለካ እየሸሸ አልገባም። ሴት ናት፣ እየወጣች ነው።

"እንግዲህ ውሉን አድሱት" አለ መልእክተኛው። "ያኔም አንዲት ሴት ናት፣ አሁንም አንዲት ሴት።"

በልማዳቸው እያንዳንዱ ቤት አንድ ጠጠር እንስራ ውስጥ ይጥላል። ነጭ ከሆነ ትቆይ፣ ጥቁር ከሆነ ትሂድ ማለት ነው። ጠጠሩ ከመጣሉ በፊት እማማ ዘርፌ ተነሣች።

"ታሪካችን ውሸት ከሆነ ይሁን" አለች። "ልጆቻችንን ያሳደግነው በሱ ነው። ዛሬ እውነት እናድርገው።"

"እማማ፣ እኔም እኮ አራት ልጆች አሉኝ" አላት አንለይ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ጠጠሩ ሲወጣ ሠላሳ አንዱ ጥቁር፣ ሃያ ዘጠኙ ነጭ ሆነ።

ለትርንጎ ሲነግሯት አልጮኸችም። "እኔ እኮ ምስሉን አይቼ ነው ያመንኳችሁ" አለች ብቻ። ልጁ ጠግቦ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ፀሐይ እንዳይመታው ራሱን በነጠላዋ ሸፍና ቁልቁል ወረደች። ከዚያ በኋላ ያያት የለም፣ እሷንም ልጁንም።

አምባው አልፈረሰም፣ ነፃነቱም አልተነካም። ዓመቱ ሲያልቅ አንለይ ዳኝነቱን አስረክቦ መዶሻና መሮውን ያዘ። በሩ ላይ፣ ከመጀመሪያው ምስል አጠገብ፣ ልጅ ያዘለ ሰው ሁለተኛ ምስል መቅረጽ ጀመረ። እማማ ዘርፌ ቆማ አየችው።

"ልጆችህ ይሄ ማነው ቢሉህ ምን ልትላቸው ነው?"

ቀና አላለም። "ያው፣ የሚያሳድዱት መጡ አልመጡ እያየ ነው እላቸዋለሁ።"

ወገኖቼ፣ አያቶቻችን የሠሩት ክፉ ሥራ እኛን አያስገድደንም። እነዚያ ሰዎች ብራናውን ባነበቡ ቀን ከአያቶቻቸው የተሻሉ መሆን ይችሉ ነበር። ለልጆቼ ስል ነው ማለት ደግሞ ቀላል ነው። እኔም እናት ነኝ፣ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ ልጄ ሲያስነጥስ እንኳ ልቤ ይወርዳል። ግን ትርንጎስ የማን እናት ነበረች? በሌላ ሰው ልጅ የዳነ ልጅ አድጎ እንዴት ዳንኩ ብሎ ሲጠይቀን፣ ዓይኑን እያየን ምን እንለዋለን?