የጋሽ ወልደየስ ምርኩዝ

አንድ የእንጨት ብዕር የሚሠራ ሰው ነበር፤ ድንበሩ ይባላል። ብዕሮቹን የሚሠራው ሰው ከጣለው እንጨት ብቻ ነው፤ ከተሰበረ ሞፈር፣ ከፈረሰ ቤት መቃን፣ ሸማኔ ከተወው መወርወሪያ። ለምን እንዲህ እንደሚለፋ ሲጠይቁት፣ የሰው እጅ ወዝ የጠጣ እንጨት መልኩ ሌላ ነው ይላል። ደንብም ነበረው፤ ሥራውን ያልጨረሰ እንጨት አይቆርጥም። በዚህም ይኮራ ነበር።

ስሙ እየገነነ ሲሄድ ግን አሮጌ እንጨት እየጠፋ መጣ። ያን ጊዜ ዓይኑ ክፉ አመል አወጣ። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት በርጩማውንና ምሰሶውን ያያል። ወንበር ሲንቋቋ ከሰማ ልቡ ደስ ይለዋል። ጎረቤቶቹ «ድንበሩ መጣ፤ ሙቀጫሽን ደብቂ» እየተባባሉ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል።

ጋሽ ወልደየስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ድንበሩ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሲሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ስለ አባቱ በጠየቃቸው ቁጥር «ጊዜው ሲደርስ እነግርሃለሁ» ይሉት ነበር። በአንድ ክረምት ታመው አልጋ ያዙ። ምርኩዛቸው ጥቁር ወይራ ነው፤ እጃቸው ለዘመናት አሽቶት እንደ ቅቤ ለስልሷል።

ድንበሩ በየቀኑ ይጠይቃቸዋል። ሾርባ ይወስዳል፣ ትራሳቸውን ያስተካክላል። ያየው ሁሉ ይመርቀዋል። ተቀምጦ ሲያጫውታቸው ግን ዓይኑ ምርኩዙ ወደ ቆመበት ጥግ ይሄዳል። ያ አንጓ ለብዕሩ አንገት፣ ይህ ለክዳኑ ይሆናል እያለ በልቡ ይለካል።

አንድ ቀን ጋሽ ወልደየስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ። ከዚያ ድንገት ቆም አሉ።

«እስቲ ስለ አባትህ ምን አልኩህ?»

ድንበሩ ዓይኑን ከምርኩዙ መለሰ። አንዲት ቃል አልሰማም ነበር።

«ልጄ፣ የምትጠይቀው እኔን ነው ወይስ ምርኩዙን?»

«እርስዎን ነው እንጂ ጋሼ።»

«በል ውሰደው። ከእንግዲህ የት እሄድበታለሁ?»

«ኧረ ይተዉት ጋሼ» አለ። እጁ ግን ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

ያሉትን እንዲደግሙለት ለመናቸው። ደክሞኛል፣ ነገ ና ብለውት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጣ። ጋሽ ወልደየስ ደጅ ወጥተው መሞቅ አማራቸው። ሊነሱ ሲሉ እጃቸው ጥጉን ዳሰሰ፤ ምንም የለም። ተመልሰው ተኙ። ድንበሩ ምርኩዙን ሲቆርጥ አርፍዶ ሲደርስ አንደበታቸው ተዘግቶ ነበር። እንደዚያው ሳይናገሩ አረፉ።

ብዕሩ ከሠራቸው ሁሉ የበለጠ አማረ። ድንበሩ ሊሞክረው ወረቀት አወጣና የአባቱን ስም ጻፈ። ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው ግን አልነበረውም።

ሰው የማንንም ዕቃ ሳይሰርቅ፣ እንዲያውም እየተመረቀ፣ ሊበድል ይችላል። ከሚሄደው ሰው ይልቅ ትቶት የሚሄደውን የሚያይ፣ ዕቃውን ያገኛል፤ ሰውየውን ግን ገና በሕይወት ሳለ ያጣዋል። እኛስ የታመመ ልንጠይቅ ገብተን ስንቀመጥ ዓይናችን የት ነው?