ሐይቅ ያረሰው ገበሬ

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ወንበሩን ያገኘው በእውቀት ስላልነበረ፣ የሚያውቅለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስገዛ። ማሽኑ የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል፤ ሲመልስም አያመነታም።

አንድ ገበሬ የመሬት ደብተሩን ሊያሳድስ ቢመጣ፣ ማሽኑ "የተጠቀሰው ቦታ ሐይቅ ነው" አለ። ገበሬው ከዚያው ማሳ ያጨደውን አንድ ነዶ ገብስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ጌታዬ፣ ይኸው! ሐይቅ ገብስ ያበቅላል?"

"አንተ ሰውዬ፣ ከማሽን ልትበልጥ ነው? ይህ አይሳሳትም። ሐይቅ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ ለቅቄያለሁ ብለህ ፈርም!" አለ አስተዳዳሪው እስክሪብቶ እያቀበለው።

ገበሬው እስክሪብቶውን ተቀበለ፤ ልቡ ግን ሠላሳ ዓመት ካረሰው ማሳ አልተነሣም።

"ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቀው?"

"ጠይቅ፤ የማያውቀው የለም።"

"የዚህ ወረዳ አስተዳዳሪ ማን ነው?"

"ክቡር አቶ ጓንጉል ናቸው" አለ ማሽኑ፣ አሁንም ሳያመነታ።

አስተዳዳሪው ከወንበሩ ሊዘል ምንም አልቀረው። "ጓንጉል ከተሻረ ሦስት ዓመቱ! ተሳስቷል!"

ገበሬው እስክሪብቶውን በሁለት እጁ አቀረበለት።

"ማሽኑማ አይሳሳትም። እንግዲህ ጌታዬ ይቅደሙና ይፈርሙ፤ እርስዎ ከአቶ ጓንጉል ወንበር ሲነሡ፣ እኔም ከሐይቄ እወጣለሁ።"