የነጋድራስ ሙሄ እጅ

ከጎራ ሜዳ ገበያ በላይ ያለው የነጋድራስ ሙሄ ደርብ ቤት ዛሬ ቅርስ ተብሎ በአጥር ተከልሏል። በሌላው ቤት ባለቤቱ እንግዳውን ያስታጥባል፤ በዚህ ቤት ግን ማንቆርቆሪያውን የሚያነሳው እንግዳው ነው፤ ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ ይታጠባል። አዲስ መጪ «ምን ዓይነት ባለጌ ቤት ነው!» ማለቱ አይቀርም። ሽማግሌዎች ግን ነገሩ የብልግና ሳይሆን የሀፍረት ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነጋድራስ ሙሄ የገበያው የዝባድ ዳኛ ነበር። ዝባድ ያ ከጥርኝ የሚወጣው፣ በቀንድ ተሞልቶ ባሕር ማዶ ድረስ የሚሄደው ሽቶ ነው። ቅቤ ደባልቆ የሚሸጥ ስለማይጠፋ፣ ሙሄ ከየቀንዱ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ ያሸውና ፀሐይ ላይ ይዞ ያየዋል፤ ወዝ ካወጣ ቅቤ አለበት። እሱ «ንጹሕ ነው» ካለ ንጹሕ ነው፤ «ቅቤ ነው» ካለም አለቀ፣ ይግባኝ የለም።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ ሙሄ ከወንድሙ ልጅ ሠርግ በቀጥታ መጣ። እንደ ሠርገኛ ሁሉ ራሱን ለጋ ቅቤ ተቀብቷል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው በግንባሩ ይወርዳል፣ እሱም በመዳፉ ጠረግ ያደርገዋል። መጀመሪያ የቀረበው እብሬ የሚባል፣ ጥርኝ ይዞ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነበር። ሙሄ ዝባዱን አሸው፣ አየው፤ መዳፉ አብረቀረቀ። «ቅቤ!» አለ ጮክ ብሎ። እብሬ «ኧረ በአላህ፣ ነጋድራስ፣ ደግመው ይዩልኝ» ቢልም ማን ሊሰማው! እንደ ደንቡ ቀንዱን ሰበሩበት፣ ዝባዱን ፊቱ ላይ ለቀለቁበትና እየጮኹ ከገበያው አባረሩት።

ሙሄ ቤቱ ገብቶ የራሱን ዝባድ፣ ያን በገዛ ዓይኑ ከጥርኟ ሲወጣ ያየውን፣ ቢያሸው እሱም ወዛ። ደነገጠ። ሚስቱ ዙበይዳ አየት አደረገችውና «እጅዎን ታጥበው ነበር?» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ሙሄ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ!

ታዲያ ወዲያው ሮጦ «ተሳስቻለሁ» አይልም? አላለማ! የዳኛ ስም አለበት። ዛሬ ነገ ሲል ከረመ፤ እብሬ ግን «ቅቤው» የሚል ስም ወጣለት፣ የሚገዛው ሲያጣም ጥርኞቹን ወደ ዱር ለቀቃቸው። ሙሄ ይህን ሲሰማ እህል አልወርድ አለው፤ በሀፍረት ተቃጠለ። በመጨረሻ አንዲት የተጫነች በቅሎ በስውር ላከለት። እብሬ በቅሎዋን ከነጭነቷ መለሰ፤ «በገበያ የተወሰደብኝን በጓሮ በር አልቀበልም» ብሎ።

ይህ ደርብ ቤት ተሠርቶ ሲመረቅ ነጋዴው ሁሉ ተጠራ፤ እብሬም ተጠርቶ መጣ ይባላል። ሙሄ ማንቆርቆሪያ ይዞ መጀመሪያ ወደ እሱ ሄደ። በክብር አስታጥቦት ነገሩን በዚያው ሊያለባብስ አስቦ ሳይሆን አይቀርም። እብሬ ግን እጁን አልዘረጋም።

«የኔ እጅ ያን ቀንም ንጹሕ ነበር፤ እርስዎ ይታጠቡ» አለና ማንቆርቆሪያውን ተቀበለው።

ሙሄ እጁን ዘረጋ፤ ውሃው ሲወርድበትም የሠርጉን ቅቤ፣ ያልታጠበውን መዳፍ፣ አውቆ ዝም ያለበትን ጊዜ ሁሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገረ። እብሬ ውሃው እስኪያልቅ አፈሰሰለት፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠና አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ወጥቶ ሄደ። ይቅር ይበለው አይበለው ያወቀ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሙሄ እንግዳ ሳያስታጥበው እህል አልቀመሰም ይባላል፤ ልጆቹም ያንኑ ያዙ። ዛሬ ቤቱን የሚጠብቁት የልጅ ልጁ ልጅ፣ አባባ ሰይድ፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። አንዳንዱ እየሳቀ ያፈስላቸዋል። እሳቸው አይስቁም። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ካለ አንገታቸውን ደፍተው ይመልሳሉ፦

«የእብሬ ዘር የት እንደገባ አናውቅም። ምናልባት እርስዎ ይሆናሉ።»