መኪናዋ አልተነገራትም

ከብዙ ዘመን በፊት ነው። አንድ ጎረምሳ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ያልሰነበተ ሾፌር፣ ወልቂጤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ ከጀርባው ሁለት ሽማግሎች ሲያወሩ ሰማ። ፊታቸውን አላየም። ወሬው ከየት እንደ ተነሣም አያውቅም። በጆሮው የቀረችው ይህች ብቻ ናት።

«ከእስር ከወጣ እኮ ከረመ» አለ አንደኛው። «እስካሁን ግን በር ላይ ሲደርስ ይቆማል።»

«የራሱ ቤት በር ላይ?»

«የራሱ ቤት በር ላይ! ሚስቱ ከውስጥ እያየችው፣ እሱ ደጅ ተገትሮ።»

«ምን ይጠብቃል?»

«የሚከፍትለት።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ክፍት ነው፣ ግባ የሚለው ሰው ጠፋ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ተሰጥቶ ነበር። ግን ልክ ያኔ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ በደጅ አለፈ፤ መልሱ በዚያው ተዋጠ። ጎረምሳው ሻዩን ጨርሶ ወጣ። ጥያቄው አብሮት ወጣ፤ መልሱ እዚያው ቀረ።

ያ ጎረምሳ ዘርጋ ይባላል። የዛሬው ነገራችን የእሱ ነው።

ዘርጋ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። የጭነት መኪና ይነዳል። ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ ከዚያ በአበልቲ በኩል ዳገቱን ይወጣል። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መውረዱ ፍሬን ይፈትናል፤ መውጣቱ ሰው ይፈትናል። የዘርጋ መኪና ደግሞ ለሜዳ የተሠራች ነበረች። ሜዳ ላይ እንደ ሰጋር በቅሎ ናት። ዳገት ሲመጣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ልንሸራተት ትላለች። ያኔ ሰው ሮጦ ከጎማዋ ሥር ታኮ ይወትፍላታል፤ ድንጋይ ከተገኘ ድንጋይ፣ ግንድ ከተገኘ ግንድ።

«ዘርጋ!» ይለዋል ኩምሳ የሚባለው የሙያ ባልንጀራው፣ አንገቱን በጋቢናው መስኮት አውጥቶ። «ዛሬም ታኮህን ይዘህ መጣህ? መኪናዋንስ የት ጣልካት?»

ሰው ይስቃል። ዘርጋም ይስቃል። ዱሮ ቢሆን አይስቅም ነበር። ዱሮ ዘርጋ ጠጪ ነበር፤ ሲጠጣ ደግሞ እጁ ከአፉ ይቀድማል። በአገሩ የሚታወቀው በጥፊው ነበር። ከዚያ እግዚአብሔር ጎበኘው። ንስሐ ገባ። መጠጡ ቀረ፣ ጥፊው ቀረ፣ ቤቱም ሰላም አገኘ። ይህን ሰው ሁሉ አየ። አንድ ሰው ብቻ አላየውም።

ማን መሰላችሁ? ራሱ ዘርጋ።

ለጸሎት ሲሰበሰቡ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ጸልይልን ሲሉት «ተዉኝ እባካችሁ፣ እኔ ምን ሰው ነኝ» ይላል።

አንድ ቀን ጋሽ አምዴ ጠሩት። ጋሽ አምዴ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው፤ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘንም በእጃቸው ነው። «የኬርጋ ልጆች» አሉት፣ «አባታቸው ከተቀበሩ ወዲህ በመሬት ወሰን ተኳርፈው ቃል አይነጋገሩም። ሽማግሌ ብንልክ መለሱብን። ግን ሁለቱም፣ ለየብቻቸው፣ አንድ ነገር ብለዋል። ዘርጋ ከመጣ እንሰማለን ብለዋል።»

ለምን ይመስላችኋል? የዱሮ የመጠጥ ጓደኞቹ ናቸዋ! የዱሮውን ዘርጋ ያውቁታል፤ የአሁኑንም አይተውታል።

«እኔ?» አለ ዘርጋ። «ጋሽ አምዴ፣ የታላቅየውን ጥርስ በጥፊ ያነቃነቅሁት እኔ አይደለሁም? በየትኛው አፌ ነው የማስታርቃቸው? ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

አልሄድም አለ። አልሄደም።

በዚያው ሰሞን ማኅበሩ ምርጥ ዘር ከጊቤ ማዶ ላሉ ገበሬዎች እንዲያደርስ ከዘርጋ ጋር ተዋዋለ። ዝናቡ ጀምሯል። መሬቱ ታርሶ ይጠብቃል። ዘር የዘገየበት ገበሬ ዓመቱን ምን እንደሚበላ ለእናንተ አይነገራችሁም። ዘርጋ አደርሳለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። ቃሉን ለመጠበቅ ብሎም መኪናዋን ወደ መካኒኩ ወደ ሽኩር ወሰዳት።

ሽኩር ከሥሯ ገብቶ አይቶ ወጣ። «የኋላው አክስል ውስጥ ያለው ጥርስ የሜዳ ነው» አለው። «የዳገት ጥርስ እንግጠምላት። ጎማው አንዴ እስኪዞር ሞተሩ ከበፊቱ አብዝቶ ይዞርላታል። ሩጫው ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ይጨምራል።»

ዲፈረንሻሉ ተፈታ። አሮጌው ጥርስ ወጣ፤ አዲሱ ገባ። ዘይት ተሞላ። ዘርጋ ቁልፉን ሲያነሣ ሽኩር እጁን ያዘው።

«ቆይ እንጂ፣ አላለቀም። ለኮምፒውተሯ መንገር አለብኝ።»

እንግዲህ ሾፌሮች አንድ እምነት አላቸው። ሞተር ይውረድ፣ ካምቢዮ ይበተን፣ ግድ የለም፤ ኮምፒውተር ግን አይነካ። ጭንቅላቷ የተነካ መኪና ዳግመኛ ጤና አታገኝም ይላሉ። ዘርጋም በዚሁ ያደገ ነው።

«የለም የለም፣ ጭንቅላቷን አትንካብኝ!»

«ሳልነግራት ብትሄድ እኮ...»

«ሽኩር ወንድሜ፣ የሚጎትተው ጥርስ ነው ኮምፒውተር? ጥርሱ ገብቷል። በቃ!»

«እሺ» አለ ሽኩር፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ስትመለስ ታገኘኛለህ።»

«አልመለስም!»

«ኢንሻአላህ ትመለሳለህ» ብሎ ሳቀ።

ዘርጋ ግማሽ ጭነት ጭኖ ሊሞክራት ወጣ። ሜዳው ላይ ነዳጅ ሰጣት። የፍጥነት መቁጠሪያዋ ቀስት ወጣ፣ ወጣ፣ ሰማንያ ላይ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ መኪናዋ አልሄድም አለች። ፍጥነት ገዳቢዋ ከሰማንያ አትለፊ ይላታላ! ዘርጋ በሰማንያ እየበረርሁ ነው ብሎ መሪውን ጨብጦ ሳለ፣ አንዲት ባጃጅ ሦስት ሴቶችና አንድ በግ ጭና በጎኑ አለፈችው። በጉ ዞር ብሎ አየው።

«ባጃጅ በሰማንያ?» አለ ዘርጋ ለራሱ።

ዳገቱ ላይ ደግሞ ባሰ። ማርሹን የምትቀያይረው ራሷ መኪናዋ ናት፤ ፍጥነት ያገኘች እየመሰላት፣ ጉልበት የሚሰጣትን ታችኛውን ማርሽ ጊዜው ሳይደርስ ትለቀዋለች። ሁልጊዜ ከምትቆምበት ኩርባ ስትደርስ ተንገጫገጨች። ቆመች። ከኋላ ይከተላት የነበረው ኩምሳ ከመኪናው ወርዶ ታኮውን እየወተፈላት «ጥርስ አስቀየርኩ አላልክም?» አለው። «የወተት ጥርስ ነው እንዴ የገጠሙልህ?»

በዚህን ጊዜ ዘርጋ አልሳቀም።

ጋሽ አምዴ ሰሙ። «ልጄ» አሉት፣ «ነገ ካልወጣህ ዘሩን ለሌላ መኪና እሰጣለሁ። አንተም ከመስመሩ ትወጣለህ። ወድጄ አይደለም። ዝናቡ አንተን ብሎ አይጠብቅም።»

ዘርጋ ሽኩር ዘንድ ተመለሰ። ሰላም እንኳ ሳይል፦

«አሮጌውን ጥርስ መልስልኝ!»

ወገኖቼ፣ እዚህች ላይ ትንሽ እንቁም። አሮጌውን መልስልኝ! ይህን ቃል ሌላም ቦታ ሰምታችሁታል። ከባርነት የወጣ ሕዝብ፣ ባሕር የተከፈለለት ሕዝብ፣ በረሃ ላይ ሲጨንቀው የባርነቱን አገር ሽንኩርት ናፈቀ። አዲሱ አልሠራ ያለን ሲመስለን የሚቀናን ይኸው ነው። አሮጌውን መልስልኝ!

ሽኩር ምን አለው? «ጥርሱ ምን አደረገህ? ጥርሱ ደኅና ነው። መኪናህ ተቀይራለች፤ መቀየሯን ግን አልተነገራትም። ስሌቷ ሁሉ በአሮጌው ጥርስ ነው። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ሲዞር ትቆጥራለች፣ በዱሮው ሒሳብ ታሰላለች፣ ገና እየተራመደች ሮጥሁ ትላለች። ሮጥሁ ካለች ደግሞ ራሷን ትይዛለች። ዘርጋ፣ ማንም አልያዛትም እኮ። የያዘችው ራሷ ናት።»

ዘርጋ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ። የሆነ ነገር ትዝ ሊለው ዳር ዳር አለ፤ ሻይ ቤት፣ በር፣ የጥሩምባ ድምፅ። አልመጣለትም።

«በል ንካት» አለ በመጨረሻ።

ሽኩር ከመሪው ሥር ገመድ ሰካ። መሣሪያውን ከፈተ፤ የአዲሱን ጥርስ ልክ አስገባ። ሞተሩን አጥፍቶ አስነሣ። ገመዱን ነቀለ።

«ጨረስሁ።»

«ምኑን ጨረስህ? አንድ ቡሎን እንኳ አልፈታህም!»

«የሚፈታው ያኔ ተፈቷል» አለ ሽኩር። «የቀረው መንገር ነበር።»

በማግስቱ ዘሩ ተጫነ። ሙሉ ጭነት! ሸራው ተወጠረ፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሽ አምዴ ጋቢና ገብተው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ወረዱ። ወንዙን ተሻገሩ። ዳገቱ ጀመረ።

ኩምሳ ቀድሞ ወጥቶ ያችው ኩርባ ላይ መኪናውን ዳር አስይዞ ቆሟል። ድንጋይ በሁለት እጁ አቅፎ ይጠብቃል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ይሳለቃል እንጂ ታኮ ሳያቀብል ቀርቶ አያውቅም።

መኪናዋ መጣች። ዘርጋ ነዳጁን እንደ ረገጠ እስትንፋሱን ያዘ። እዚህ ጋ ነበር የምትንገጫገጨው። እዚህ ጋ ነበር የምትቆመው። መኪናዋ አንድ ማርሽ ወረደች፤ ጥርሱ ያዘ፤ ሞተሯ ወፍራም ድምፅ አወጣ። ወጣች! አልሮጠችም፤ ግን አልቆመችም። እንደ እርሻ በሬ አንገቷን ደፍታ፣ ያን ሁሉ ዘር ተሸክማ፣ ኩርባውን ዞረች።

ኩምሳ ድንጋዩን እንዳቀፈ አፉን ከፈተ። ከዚያ ድንጋዩን ጥሎ ከጎኗ ይሮጥ ጀመር። «በላት! በላት ዘርጋ! ጥርስ አበቀለች! ኸረ እናንተ ሰዎች፣ ይህች ልጅ ጥርስ አበቀለች!»

ዘርጋ ጥሩምባውን ለቀቀው። ገደሉ መልሶ ጮኸ። ከላይ፣ ዘር የሚጠብቁት ገበሬዎች ድምፁን ሰምተው ወደ መንገዱ ወጡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ዝናቡም ያኔ መጣ። ጆንያው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ፣ ሰው እየሳቀ፣ እየረጠበ፣ ዘሩ በሰዓቱ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን! በሉት እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!

ጭነቱ ሲያልቅ ጋሽ አምዴ ዘርጋን ወደ ጎማው ጥግ ጠሩት። ጎበዝ አላሉትም። እንዲህ ብቻ አሉት፦

«ሽኩር ለመኪናዋ ነገራት። ላንተስ ማን ይንገርህ?»

ዘርጋ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። እኛም እሱን እዚያው እናቁመውና ወደ ራሳችን እንመለስ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ጌታ ልባችሁን ለውጦታል። ይህን የምትክዱ አይመስለኝም፤ ሚስቶቻችሁ ይመሰክራሉ፣ ጎረቤት ይመሰክራል። ታዲያ ለምንድን ነው እዚያው ኩርባ ላይ የምትቆሙት? ለምንድን ነው ገና አንድ እርምጃ ስትራመዱ ለእኔ ይበዛል ብላችሁ ራሳችሁን የምትይዙት? በዱሮ ስሌት ነዋ! በዱሮው ቁጣ፣ በዱሮው ስካር፣ ሰው ባወጣላችሁ በዱሮው ስም። ማንም አልያዛችሁም። የያዛችሁት ራሳችሁ ናችሁ።

አንድ ነገር ግን አትሳቱ። ጥርሱ ሳይቀየር ኮምፒውተሩን ብቻ ቢያስተካክሉት ውሸት ነው። ያ ዳገት ላይ ይታወቃል። ንስሐ ያልገባ ሰው ተለውጫለሁ ብሎ ለራሱ ቢነግር፣ ራሱን አታለለ። እኔ የምናገረው ለተለወጣችሁት ነው። በበሩ አጠገብ ለምትቀመጡት። ጸልዩ ሲባል አንገት ለምትደፉት።

ደግሞ ለሌሎቻችሁ። ጎረቤታችሁ ከተለወጠ ስንት ጊዜው ነው? ነግራችሁታል? ወይስ ዛሬም ድንጋይ አቅፋችሁ ኩርባው ላይ ቆማችሁ ትጠብቁታላችሁ? ታኮ ማቀበል መልካም ነው። ግን ሲያልፍ ድንጋዩን ጣሉት፤ ከጎኑም ሩጡ! በሩ ክፍት ነው፣ ግባ የሚል ሰው ጠፋ ወይ? ያ ጥሩምባ የዋጠው መልስ ሌላ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ዘርጋስ? ዝናቡ ውስጥ እንደ ቆመ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ጋሽ አምዴ፣ የኬርጋ ልጆች እሁድ ቤት ይገኛሉ?»

«ይገኛሉ።»

«እንግዲያው ይላኩባቸው፤ ዘርጋ ይመጣል ይበሏቸው። መጀመሪያ ታላቅየው ቤት ሄጄ ስለዚያ ጥፊ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።»

«ባይከፍትልህስ?»

ዘርጋ ሳቀ። ያች የሻይ ቤት ወሬ፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ አሁን መጣችለት።

«ደጅ ቆሜ አልጠብቅም፣ ጋሽ አምዴ። አንኳኩቼ እገባለሁ።»