የሐጂ ሹዓይብ ማብረጃ

የከተማዋን ስም አባቶቻችን አልነገሩንም። የነገሩን ወንዟ ነጭ አሸዋ ታወጣ እንደነበርና ሰዎቿ ያንን አሸዋ መስታወት እያደረጉ ይኖሩ እንደነበር ነው። ሥራው እንዲህ ነው፤ አሸዋው ታጥቦ በወንፊት ይነፋል፣ ከበረሃ በሚመጣ የጨዋማ ቁጥቋጦ አመድ ይለወሳል፣ ከዚያ እቶን ገብቶ እንደ ማር እስኪሳብ ድረስ ይቀልጣል። ባለሙያው ረጅሙን የብረት ቱቦ ነክሮ ጫፉ ላይ ጥቂት ይዞ ያወጣና ቢስሚላህ ብሎ ይነፋዋል። ይህን ለማየት ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ቆሞ የሚያይ የለም። ትኩሱ ዕቃ ማብረጃ ወደሚባለው ክፍል ይገባና እሳቱ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ቀናት ይቆያል። ሳይታገስ የከፈተ ሰው ዕቃው ሲወጣ ያማረ ይመስለዋል። ሰንብቶ ግን ማንም ሳይነካው፣ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ይሰነጠቃል።

በዚህች ከተማ ሐጂ ሹዓይብ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ከመስጂዱ የጀማዓ ስግደት የማይቀሩ፣ ነገራቸው አጭር፣ ከእሳት ጋር ከመኖራቸው የተነሳ ቅንድባቸው እንኳ በቅጡ ያልበቀለ ሰው ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ኑዕማን የሚባል ጎልማሳ የራሱን እቶን ተክሎ ይሠራ ነበር። ኑዕማን እጁ የተባረከ ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር በከተማዋ እሳቱ የማይጠፋ እቶን አልነበረም።

ታላቁ መስጂድ ለረመዳን አዲስ ቀንዲሎች፣ ተንጠልጣይ የመስታወት መብራቶች፣ ሊያሠራ ባሰበ ጊዜ ሥራው ለሐጂ ሹዓይብ እንደሚሰጥ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ኑዕማን ይህን ስላወቀ የመስጂዱን ንብረት የሚያስተዳድረውን የወቅፍ ኃላፊ ቤቱ ድረስ ሄዶ አጫወተው። ሽማግሌው ደክመዋል፣ ማብረጃውን ሳይታገሱ ነው የሚከፍቱት፣ ቀንዲላቸው ሰጋጅ ራስ ላይ ቢረግፍ ተጠያቂው ማን ነው አለው። ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑንም ከራሱ ከኑዕማን በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ኃላፊው ፈሪ ሰው ነበርና ሥራውን ለኑዕማን ሰጠ። ወሬው ገበያ ወጣ። ከሐጂ ሹዓይብ ሱቅ የሚገዛ ሰው ብርጭቆውን በጥፍሩ እያንኳኳ ማዳመጥ ጀመረ፤ አንዳንዱም ጭራሽ ቀረ። ሽማግሌው ግን ኑዕማንን መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታውን አሟልተው ይመልሱለታል። ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

ከረመዳን በፊት ያለው ወር ሸዕባን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ኑዕማን የመጨረሻውን ቀንዲል ነፍቶ አስገባ። አሮጌው ማብረጃ ስላልበቃው አዲስ ሠርቶ ነበር፤ ቸኩሎ ስለነበር ጡቡ በደንብ ሳይደርቅ ነው የገነባው። ወደ ማታ ከሚሰገደው ከዐስር ሰላት በኋላ አንደኛው ግድግዳ ወደ ውጭ ተደፋ። ነፋስ ገባና ከዳር የነበሩት ቀንዲሎች ወዲያው ተንጣጡ። የቀሩት ገና ትኩስ ናቸው፤ ግን በዚያ ሁኔታ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ አይቆዩም። ስብርባሪውን አቅልጦ እንደገና እንዳይሠራ ጊዜው አይበቃም፤ የበረሃው አመድም አልቋል፣ አመድ የሚያመጡት ነጋዴዎች ደግሞ ከበረሃ የሚመለሱት ከዒድ በኋላ ነው። በሽማግሌው ላይ ያወራው ነገር በራሱ ላይ ሊደርስ ነበር።

ሚስቱ ሰውዳ ወደ ማዶ እንዲሄድ ነገረችው። ኑዕማን ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«በየትኛው ፊቴ ነው የምሄደው?»

«በዚያው በዋሸህበት» አለችው።

እሱ ሳይነሳ ሐጂ ሹዓይብ ራሳቸው በሩ ላይ ደረሱ። ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ በጎን ሲወጣ ከደጃቸው ሆነው አይተው ነበር። የፈረሰውን ግድግዳ ተመለከቱ እንጂ ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። ቀንዲሎቹን አፈ ሰፊ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በትኩስ የእቶን አመድ ቀብሮ እንዲያመጣቸው፣ እሳቸውም እስከዚያው ማብረጃቸውን ባዶ እንደሚያደርጉለት ነግረውት ተመለሱ።

ኑዕማን ነገሩ የገባው ከሰውዳ ጋር የመጀመሪያውን ሸክም በቃሬዛ ይዘው መንገዱን ሲሻገሩ ነው። የሐጂ ሹዓይብ ማብረጃ ለዒድ ገበያ በተሠሩ የሽቶ ብልቃጦች ሞልቶ ነበር። ያ ሁሉ ወሬ ከተወራ በኋላ የተረፈቻቸው ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራቸው፣ ያቺ ነበረች። ሽማግሌው በረጅም መቆንጠጫ አንድ በአንድ እያወጡ መሬት ላይ ያኖሯቸዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ሲነካቸው ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ይሰነጠቃሉ። ኑዕማን በሽማግሌው ቤት ይሰማል ብሎ የፈጠረው ድምፅ ይህ ነበር። አሁን በጆሮው ሰማው፤ ያሰማውም እሱው ነው።

«ሐጂ፣ የእርስዎ ልፋት እኮ ነው የሚጠፋው» አለ።

«ስብርባሪው እንደገና ይቀልጣል። ቀንዲሎቹ ግን ቀጠሮ አለባቸው» አሉ። «ቁም ነገሩን ያዝ፣ አስገባ።»

የሸዕባን መጨረሻ ቀን የወቅፉ ኃላፊ ሰዎች አስከትሎ ሐጂ ሹዓይብ ዘንድ መጣ። የረመዳን ጨረቃ ዛሬ ልትታይ ትችላለችና ማብረጃው ይከፈት አለ። ሐጂ ሹዓይብ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ገና ነው አሉ፤ የመጀመሪያው ተራዊሕ፣ የረመዳን ሌሊት ስግደት፣ በአሮጌዎቹ መብራቶች ይሰገድ። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ወደ ኑዕማን ዞረ።

«እኚህ ሰው ማብረጃ ሳይታገሱ ይከፍታሉ ያልከኝ አንተ አይደለህም? ታዲያ ዛሬ ምነው እምቢ አሉ?»

ሰው ሁሉ ኑዕማንን አየው። አንዲት ትንሽ ማምለጫ ውሸት በቂ ነበረች፤ በአፉም ላይ ደርሳ ነበር። ሰውዳ ከበሩ ሥር ቆማ ታየዋለች።

«ዋሽቼዎት ነው» አለ። «እኚህ ሰው ቸኩለው አያውቁም። ሥራውን ስለፈለግኩት ነው ያልኩት።» ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞሮ አንገቱን ደፋ። «ሐጂ፣ ቡህታን ነው የጫንኩብዎ፤ ያላደረጉትን ነው ያወራሁብዎ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

የሐጂ ሹዓይብ መዳፍ ገና ከግድግዳው አልተነሳም።

«አውፍ ብዬሃለሁ። አንተም አውፍ በለኝ።»

«እኔ? ምን አድርገውኝ?»

«ወሬህን ከሰማሁ ጀምሮ ሰላምታህን የምመልስልህ በአፌ ብቻ ነበር። መስታወት የሚሰነጠቀው ላዩ በርዶ ውስጡ ሲግል ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ብልቃጦቹን ሳወጣ ነው የበረደልኝ።»

ቀንዲሎቹ በማግስቱ ወጡ፤ በሁለተኛው የረመዳን ሌሊት ተሰገደባቸው። ከዚያም ብዙ ረመዳን እንዳገለገሉ ይነገራል።

ይህን ታሪክ ሲሰሙ ሰዎች የሚያደንቁት የብልቃጦቹን መሰበር ነው። እኔ ግን ለጋስ ሰው፣ አልሐምዱሊላህ፣ በየሰፈሩ አይጠፋም እላለሁ። የበደለንን ሰው ሰላም ብለን ስናልፍ ሶብር አደረግን፣ ታገስን ብለን ቤታችን ገብተን እንተኛለን፤ ውስጣችንን በመዳፉ ዳስሶ ገና ነው የሚለን ሰው የለማ። ሐጂ ሹዓይብ የራሳቸውን ዳሰሱ። ተበዳይ ሆነው ሳለ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አውፍ በለኝ ያሉት ለዚህ ነው።